ይድረስ ለተከበሩ የደብር ሹመት ደላላ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ዋጋ መናር በቀር ደህና ነን።

መቼም ሥራ አይንቁም። አለቃው፣ ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ዘበኛው ሳይቀር በእርስዎ እጅ ያልፋል። ስለት የሚጎርፍለት፣ ዙሪያውን ሱቅ የሚያከራይ ደብር ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ጣሪያዋ የሚያፈስ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግን በነጻም ፈላጊ የላትም። እሷ ጋ ሲደርሱ "ምደባ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ይላሉ አሉ።

ባለፈው አንድ መሪጌታ ደጅ ሲጠኑ አገኟቸው። አኮፋዳ አንግተው፣ ከውሻ ጋር ተታግለው የተማሩ፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው ድጓ፣ የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። ማመልከቻቸው ከመመላለስ ብዛት እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። ጠጋ ብለው "ምን ይዘዋል?" አሏቸው። እሳቸውም የዋህ ናቸው፣ "ድጓና ቅኔ" አሉ። "እሱን አይደለም አባ" ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው አለፉ። ቦታውን ውዳሴ ማርያም በቅጡ የማይዘልቅ ልጅ አገኘው። ዘመድ የለውም፤ ብር ግን ዘመድ ነው።

ሰው ሲያማዎት ታሪክ ይጠቅሳሉ። "ነገሥታቱስ ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማስመጣት ወርቅ ይልኩ አልነበር?" እውነት ነው፣ ይልኩ ነበር። በ1951 ዓ.ም. የራሳችንን ፓትርያርክ ስናገኝ ከዚህ ወጪ ተገላገልን ብለን ነበር። ለካ ደላላው ጠቅልሎ አገር ቤት መግባቱ ኖሯል! ሲሞን መሠሪን ግን ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሞኝ የመንፈስ ቅዱስን ሥልጣን ሊገዛ ብሩን ይዞ በቀጥታ ጴጥሮስ ዘንድ ሄደ፤ "ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ" ተባለ። በእርስዎ በኩል ቢመጣ ኖሮ ይሄኔ መልአከ ምናምን ተብሎ ካባ ደርቦ ነበር።

የገዛ ደግሞ ያወጣውን መመለስ አለበት፤ አንፈርድበትም። በስለት ያስገባነው ጥላ አንድ ቀን ሳይዘረጋ ተመልሶ ሱቅ ተሰቅሎ እናየዋለን። ሙዳየ ምጽዋት ሲቆጠር ሰበካ ጉባኤው ሳይጠራ ይቀራል። ለምን ያለ ምእመን "የቤተ ክርስቲያን ጠላት" ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። እኛም ተዋጥተን አንድ አለቃ ልንገዛ አስበናል። የተማረ፣ ቆጠራ ላይ እጁ የማይረዝም። እኚያ መሪጌታ እስካሁን ተስፋ ቆርጠው አገራቸው ካልገቡ እሳቸው ይሁኑልን። ስንት ይሉናል? በየወሩ የሚከፈል ካለ ይሻለናል፤ የጥምቀት ምንጣፍ መዋጮ እንኳ ገና አልሞላም።