ተያዥ አለህ?

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ አማርሬያለሁ። መብራት፣ ውሃ፣ ታክሲ፣ ኔትወርክ። ዛሬ ግን ማመስገን አምሮኛል። የማመሰግነው የእኛን የመሃል አዲስ አበባ ሰዎች ጥንቃቄ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ በየመስታወቱና በየስልክ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ካፌ በር ላይ ቆሜ አንዱን ረጋ ብዬ አነበብኩት። ሳህን አጣቢ ይፈለጋል። የትምህርት ደረጃ፣ ማንበብና መጻፍ። የሥራ ልምድ፣ አያስፈልግም። ደመወዝ፣ በስምምነት። ከታች ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባት ያቺ የተባረከች ቃል አለች። ትሕትናውን እዩልኝ! ዲግሪ አልተጠየቀ፣ ልምድ አልተጠየቀ። የተጠየቀው ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ማኅተም የሚያስመታ፣ ሳህን ቢሰበር ወይ ገንዘብ ቢጎድል በአንተ ፈንታ ለመያዝ የፈቀደ ሰው ብቻ ነው። መቼም እንዲህ ዓይነት ዘመድ ያለው ሰው የልጅነት ሕልሙ ሳህን ማጠብ ነው።

ቋንቋችንም አግዞናል። ተያዥ ያለው ሥራ ይይዛል። ተያዥ ያጣው ራሱ ይያዛል።

የካፌው ባለቤት ጥሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የዚያን ዕለት ገብቼ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ሳለ ውጭ «ሌባ! ሌባ!» ተባለ። ስልክ የመነተፈ ልጅ ተይዞ ነው። ጋሼ ሽርጣቸውን እንኳን ሳይፈቱ ወጡ። «ሰርተህ አትበላም አንተ? ይሄን የመሰለ ጉልበት ይዘህ!» አሉና በጫማቸው አንድ አቀመሱት። ተመልሰው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ የማስታወቂያዋ ጠርዝ ከመስታወቱ ተላጦ ስላዩ ፕላስተር ቆርጠው፣ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ መልሰው ለጠፏት።

«ሰርተህ ብላ» እና «ተያዥ አምጣ» ከአንድ አፍ ሲወጡ እንዴት ያምራሉ! እኔ በበኩሌ ማኪያቶዬን ጨርሼ ጉርሻ ጨመርኩ።

ሕዝቡንም ሳላመሰግን አላልፍም። ከታክሲ ሰልፍ ወጥቶ ሁለት ቡጢ ካሳረፈ በኋላ «ግን ምን ሰርቆ ነው?» ብሎ የጠየቀ ወጣት አይቻለሁ። ጊዜ አያባክንም። ተራውም አላለፈበትም፤ ሰልፍ ላይ ቦታውን ይዘው ጠበቁት። ያለ ተያዥ። ይኸው ወጣት ነገ ሠርግ ላይ መሬት ሲቸበችብ የኖረ ሹም ቢያይ ብድግ ብሎ ወንበር ይለቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ያደገ ሰው፣ በልቶ የተሻረን በቡጢ አይቀበልም። ነውር ነው።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ከእኛ ያንሱ ነበር። ሌባ ለመፈለግ ሌባሻይ የሚሉት ነገር ነበራቸው። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና ይለቀቃል። ተንገዳግዶ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ነው ይባላል። ምን ያለ ድካም ነው! እኛ ጫማ አይተን እናውቃለን። ቁራኛ የሚባልም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ሲብስም በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ይዞሩ ነበር። ዋስ ያጣ ሰው ያኔ ቢያንስ አብሮት የሚውል ከሳሽ አለው። ዛሬ ሠልጥነናል፤ ዋስ ያጣው ብቻውን ነው የሚገባው።

ከተማችንም ዘምኗል። ስሙን ከጣልያንኛ የወረሰው ከርቸሌ ከነ«ዓለም በቃኝ»ው ከመሃል ከተማ ተነስቷል። ቦታው ላይ ጥር 2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። እስረኛው ወደ ቃሊቲ ተወስዷል። መሃል ከተማ የቀረው ገና ያልታሰረው ነው።

ከእነሱ አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ። ሊስትሮ ነው። ለሦስት ዓመት ጫማዬን ጠርጎልኛል። የሕይወት ታሪኩን የነገረው ለእኔ ሳይሆን ለጫማዬ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀና ብሎ አያወራም። አባቱ ሲሞቱ ከስድስተኛ ክፍል ወጣ። ከክፍለ ሀገር በጭነት መኪና መጣ። የሚያድረው በአዳር የሚከፈልበት ቤት ነው፤ ስድስት ሆነው በሁለት ፍራሽ። ዝናብ የጣለ ቀን ጫማ የሚያስጠርግ ስለሌለ የአዳሩን ያጣል። ያጣ ቀን ደጅ ያድራል። ደጅ ያደረ ቀን ብርድ ልብሱን ይሰርቁታል። (ሌባውን ግን ማንም «ሰርተህ ብላ» ብሎ ሲጮህበት አልሰማም። ሌሊት ሕዝብ የለም።)

የቀበሌ መታወቂያ ልውጣ አለ። መሸኛ አምጣ ተባለ። መሸኛው አገር ቤት ነው። የቤት ቁጥር አምጣ ተባለ። በአዳር የሚያከራየው ሰውዬ ደግሞ ስሙን እንኳን አይጠይቅም፣ እንኳን ቁጥሩን ሊሰጠው። ኋላ ፋይዳ ሲመጣ ተሰልፎ አወጣና በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አደረገ። ደስ ብሎት አሳየኝ። ፋይዳ ግን ማን እንደሆነ ነው የሚመሰክረው፤ ማን እንዳለው አይመሰክርም።

2016 ላይ የፒያሳዎቹ ሰፈሮች ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ የሚቀመጥባት ጥግ አብራ ሄደች። ደንበኛውም ተበተነ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ያማረ ነው፤ እውነት ለመናገር እኔም ማታ ማታ እየወጣሁ እናፈስበታለሁ። ለሊስትሮ ሳጥን ግን አልተሠራም። ደንብ አስከባሪዎች ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ወሰዱበት። ለሁለተኛዋ ከጓደኛው ተበድሮ ነበር የገዛው። አሁን ዕዳ አለበት፣ ሳጥን የለውም።

አንድ ቀን ታዲያ የጋሼን ማስታወቂያ አይቶ መጣ። ሳጥኑን ከማን እንደተዋሰ አላውቅም። ጫማዬን ጠረገ፣ ቀለም ቀባ፣ ወለወለ፣ እንደገና ወለወለ። ግራው ሦስት ጊዜ ሲጠረግ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ሳህን አጣቢ ይፈልጋሉ አሉ» አለኝ።

«ጎሽ! እሰይ! ሰርቶ መብላት ነው የሚያዋጣው።»

«ተያዥ ይላሉ። ደብዳቤ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ያውቁኛል ብዬ ነው።»

እውነቱን ነው። ጫማዬን አውልቄ ሰጥቼው ካልሲዬን ይዤ በነጠላ ጫማው ምሳ በልቼ የተመለስኩበት ቀን አለ። ጫማዬ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። እና ምን አልኩት? «መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ መጻፍ አቁሟል» አልኩት። በዚያው ሳምንት ለእህቴ ልጅ አጽፌያለሁ። የሃያ ብሩን ሥራ ሃምሳ ከፍዬ «አይዞህ፣ እግዜር አለ» ብዬው ሄድኩ። ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው። ራሴን ያመሰገንኩት በዚህ ነው።

ወር ሳይሞላ ተያዘ። እጁ ላይ የመኪና ስፖኪዮ ተገኝቷል። አልነቀልኩም ይላል። አንዱ «ያዝልኝ» ብሎት ነው የያዘው አሉ። ሰርቆም ይሆናል፣ ላልማልለት። ግን እውነት ከሆነ፣ በዚህ ከተማ ያለ ተያዥ ንብረቱን አምኖ ያስያዘው የመጀመሪያው ሰው ያ ስፖኪዮ የነቀለው ነው።

ሕጉ ደግሞ እንከን የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ቀረበ። በዋስ የመለቀቅ መብት አለው ይላል፤ ዳኛዋም በትሕትና ጠየቁት። «ዋስ አለህ?» የለኝም አለ። «ገንዘብ ማስያዝ ትችላለህ?» ይህን ሲሰማ ሳቀ አሉ። አምስት ሺህ ብር ቢኖረው ስፖኪዮ ምን ያደርግለታል? መብቱ እንደተከበረለት ወደ ጣቢያ ተመለሰ።

አደገኛ ቦዘኔ ነው ቢባል ደግሞ ይሄም መብት አይኖርም ነበር። አዋጅ ቁጥር 384/1996 አቅም እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው፣ ከአንዳንድ ድርጊት ጋር ሲገኝ፣ ዋስትና ይነፍገዋል። የዚያው ዓመት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82 ደግሞ በከባድ ማጣት ተገፍቶ ላጠፋ ሰው ቅጣት ይቅለልለት ይላል። ማጣት በአንዱ ያስገባል፣ በሌላው ቶሎ ያስወጣል። 1996 ጥሩ ዓመት ነበር።

ስለ ቅጣት ማቅለያ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ችሎት ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ጥፋተኛ የተባለ ልጅ ቆሟል። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃው ወረቀት ያነባሉ። ወላጅ የለውም። ትምህርቱን አቋርጧል። የቀን ሠራተኛ ነበር። ሁለት ታናናሾቹን ይረዳል። ሪከርድ የለበትም። ልጁ ራሱ አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚነበብ ነበር የሚመስለው። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ስንት ክፍል ደረስክ፣ የት ታድራለህ፣ ማን አለህ ተብሎ በሰው ፊት ሲጠየቅ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ለዚህ ክብር የበቃው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው። እኛ ሰው ሳይፈረድበት የግል ሕይወቱ ውስጥ አንገባም። ጨዋ ሕዝብ ነን።

ጠያቂነታችን ደግሞ ወደር የለውም። ታስሬ ጠይቃችሁኛል የሚለውን ቃል እናውቃለን። እኔም እሁድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ዳቦና አንድ ኪሎ ሙዝ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ጫማዬን የጠረገልኝ ሌላ ልጅ ነው፤ ተረከዙን ረስቶታል።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ዳቦውን ገመጥ አድርግ አለኝ። ገመጥኩ።

«ምኑ ነህ?»

አሰብኩ። «ደንበኛው ነኝ።»

«ዋስ ልትሆነው ነው?»

«ኧረ! ዳቦ ላቀብል ነው።»

መታወቂያዬን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የጠያቂ መታወቂያ እስኪወጣ ድረስ ይያዛል። ልጁ መጣ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?» አለና ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አየ። ዳቦውን ከጓደኞቹ ጋር ሲካፈል ቆሜ አየሁ። አሥር ደቂቃም አልሞላኝ። ሙዙ ሳይላጥ ተመልሼ መታወቂያዬን ጠየቅኩ።