ሁለት ኮፒ፣ ከነጀርባው

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ አራብሳ ከታክሲ ወርጄ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ሻጯ እንደ ወጉ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየቆረጠምኩ ወደ ብሎኬ ስሄድ ወረቀቱ ተገለጠና አንድ ጎልማሳ ሰው ከውስጥ አፈጠጠብኝ። የመታወቂያ ኮፒ ነው። ስም ከነአያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። የአደጋ ጊዜ ተጠሪው እህቱ ናት። የደም ዓይነቱ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ሰውዬውን አላውቀውም። ነገ ደም ቢያስፈልገው ግን ለማን እንደምደውል አውቃለሁ። ትንሽ ጨው ነክቶታል እንጂ ፊርማው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህን ያየ ሰው ስለ ሕዝባችን ደግነት ሳይጽፍ ቢቀር ነውር ነው።

እኛ የዳር ሰፈር ሰዎች በንብረት ቀልድ አናውቅም። በእንጨቱ በር ላይ የብረት በር እንደርባለን፣ በብረቱ ላይ ሁለት ቁልፍ። የሮቷችን ክዳን ጓጉንቸር አለው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ጄሪካን ውድ ነው፤ ጎረቤት በስህተት እንዳይወስድብን ስማችንን በቀይ ቀለም እንጽፍበታለን። ስማችንን ራሱን ግን ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን። ደላላው "መታወቂያህን ላክልኝ" ካለ እንልካለን። ደላላውን ያወቅነው ግንብ ላይ ከተለጠፈ ስልክ ቁጥር ነው፤ ይሁን። ጂም ልንመዘገብ ስንሄድ ኮፒ እንሰጣለን። ክብደት ለመቀነስ የእናት ስም ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። መጠየቅ ንፉግነት ነው።

የዚህ ሁሉ ደግነት ማዕከል ፎቶ ኮፒ ቤታችን ነው። ፍላሽ ድሮ ቀረ፤ አሁን "በቴሌግራም ላክልኝ" ነው። እኔም አንድ ቀን ሲቪዬን ላስወጣ ሄድኩና ልጁ ፋይሌን ሲፈልግ ስክሪኑን አብሬው አየሁ። የሰፈሩ ሕዝብ ተደርድሯል። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር፣ ውክልና፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ (ለካ ተፋተዋል!)። ወመዘክር እንኳ እንዲህ ያለ ክምችት መኖሩን እንጃ። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል የለውም። ልጁ ምሳ ሲሄድ የሚቀመጥበትም ሰው የለም፤ የቸኮለ ደንበኛ ራሱ ገብቶ ያትማል።

ፋይዳ ሲመጣ እውነቱን ለመናገር ሰግቼ ነበር። አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ ፊት ተቀብሎ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር የሚሰጥ መታወቂያ፣ በሲስተም የሚረጋገጥ፣ ኮፒ የማያስፈልገው። ደግነታችን አበቃለት ብዬ ነበር። ሕዝባችንን አላወቅሁትም ማለት ነው። ባንኮች አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ሲጠይቁ ሕዝቡ ፋይዳውን በወረቀት አስወጣ፤ ወረቀቱን ላሚኔት አስደረገ፤ ላሚኔቱን ኮፒ አስነሳ። ከዚያ ፎቶውን የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀና "የኔ እንዲህ ነው የወጣው፣ የእናንተስ?" አለ። 43 ሰው የራሱን ላከ።

የሚስጥር ቁጥርን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። እታች ያለው ሱቅ በሞባይል ገንዘብ ይቀበላል። አንዲት እናት ሁልጊዜ ስልካቸውን ለባለሱቁ ልጅ ይሰጡትና "የኔ ልጅ፣ አንተው አድርግልኝ" ይላሉ። ልጁ "እማማ፣ ፒንዎ?" ይላል። እሳቸው ጮክ ብለው ይነግሩታል። ባለፈው ሳምንት ተሳሳቱ። ወዲያው ከኋላ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈ ጎረምሳ "እማማ፣ መጨረሻው 62 ነው እኮ!" ብሎ አረማቸው። እሳቸውም መረቁት። የትኛው አገር ነው ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የጎረቤቱን ፒን በቃሉ የሚይዝለት?

ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ ደግሞ ተደውሎላቸው ሽልማት ደረሳቸው። ደዋዩ ጨዋ ነው፣ "አባቴ" ነው የሚላቸው። "አሁን በመልእክት የገባልዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ" አላቸው። መምህር ናቸውና ከላይ ጀምረው አነበቡለት፦ "ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ ይላል።" ደዋዩም "ትክክል ነው አባቴ፣ ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጡ" አላቸው። እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው አልሰጡም።

ይህ ነገር በወግ ሲጠራ "የማንነት ስርቆት" ይባላል። ማንነት ሲባል ደንግጣችሁ ብሔር እንዳይመስላችሁ፤ ስምና ቁጥር ነው። እኛ የምንሰጠውን ነገር ስርቆት ማለት እኔ በበኩሌ ይከብደኛል። አሜሪካኖች ግን ስስታም ስለሆኑ ያለቃቅሳሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው በስሙ ተነግዶበታል። ባንኮችና ንግድ ቤቶች ወደ 48 ቢሊዮን ዶላር፣ ተጎጂዎቹ ከኪሳቸው 5 ቢሊዮን ዶላር ከሰሩ ይላል። ያ እንግዲህ ድሮ ነው። በ2024 ሄደው ያመለከቱት ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ጥናት ተጎጂዎች ነገሩን ለማስተካከል ያባከኑትን ጊዜ ሳይቀር ደምረውታል። ወደ 300 ሚሊዮን ሰዓት! እኛ ሰልፍ ላይ ያለቀ ሰዓት አንቆጥርም። ቢቆጠር ማን ይከፍለናል?

ነጋዴውም ከእኛ አላነሰም። ከአስፋልቱ ማዶ ሲሚንቶና ብረት የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። ንግድ ፈቃዱን በሕጉ መሠረት ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን አጠገቡ ለጥፏል፣ ይህ ከደግነት የመጣ ነው። ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ምሳ ሲሄድ ሠራተኛው "እንዳይቸገር"። አንድ ቀን ግብር አስገቢው ቢሮ ጠራው። ለካ ወዳጄ በስሙ በወጣ ደረሰኝ ሰምቶት ለማያውቅ ድርጅት የሲሚንቶ መዓት ሸጧል። ደረሰኙን የገዛው ሰው ወጪ ብሎ አስመዝግቦ ተጨማሪ እሴት ታክሱን አቀናንሶበታል። ወዳጄ ደግሞ ሸጠሃል ከተባለው ላይ 15 በመቶ አስገባ ተባለ። ሱቁ ውስጥ በወቅቱ የነበረው 40 ኩንታል ነው። "በዚህች ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ሲሚንቶ የት አስቀመጥኩት?" እያለ እስካሁን ይመላለሳል። ሱቁን የሚከፍተው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ጠበቃ ይዟል። ጨጓራም ይዞታል።

እሱ እንኳ ሱቅ ነበረው። ምንም ሳይኖራቸው ባለሀብት የሆኑም አሉ። "ሥራ ላስቀጥርህ" ተብሎ መታወቂያውን የሰጠ የጥበቃ ሠራተኛ አንድ ቀን የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይነቃል። ደመወዙ ያው ነው። ዕዳው ግን የሥራ አስኪያጅ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አድርጎታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወስድ፣ የወሰደውንም እንዲጠብቅ ያዛል። ጥሩ አዋጅ ነው። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ጠቅሼው ነበር። ጸሐፊዋ በትዕግሥት ሰምታኝ "እሺ፣ እሱንም ኮፒ አድርገው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት" አለችኝ። እኛ እንስጥ እንጂ ጠያቂ ባይኖር ደግነታችን የት ይገለጥ ነበር? ዋናውን አይቶ፣ ኮፒውን ከዋናው ጋር አመሳክሮ፣ ኮፒውን አስቀርቶ፣ ሳጥኑ ሲሞላ ያለፈውን ዓመት ወረቀት በኪሎ የሚሸጥ ቢሮ ባይኖር ኦቾሎኒ በምን ይጠቀለል ነበር?

እኔም ተራዬ ደረሰኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ጠዋት አይሱዙ መጥቶ ብሎካችን ሥር ቆመ። ፍራሽ፣ ቁምሳጥን፣ ምጣድ፣ ሁለት ልጆች። አባትየው በሬን አንኳኩቶ "አከራያችን እርስዎ ነዎት አይደል?" አለኝ። ውል አውጥቶ አሳየኝ። ስሜ አለ። የመታወቂያዬ ኮፒ አለ፣ ፀጉር ከነበረኝ ዘመን። የሦስት ወር ቅድሚያ ኪራይ ተቀብያለሁ። ፊርማዬ ከእኔ ፊርማ ያምራል። ሰውየውን እያግባባሁ እያለ ሁለተኛ አይሱዙ ደረሰ። በማግስቱ ደግሞ አንዲት ነርስ በባጃጅ መጣች። ሦስት ተከራይ! እኔ ራሴ ያለሁት በኪራይ ነው። የቤቴ ባለቤት ይህን ሲሰሙ "አንተ ሰው፣ መቼ ገዛኸው?" ብለው ደወሉልኝ።

ኮፒውን ከአራት ዓመት በፊት ለአንድ ደላላ ሰጥቼው ነበር። ወይም ለጂሙ። ወይም ለሁሉም።

የሰዎቹ ገንዘብ አልተገኘም። የመጀመሪያው ቤተሰብ ዕቃውን ደረጃው ሥር አሳድሮ በማግስቱ ወደ ዘመድ ሄደ፤ ትንሿ ልጅ እስክትሄድ ድረስ እንደ ሌባ ነበር የምታየኝ። እኔም ጉዳዩን ወደያዘው ቢሮ ሄጄ ያ እኔ እኔ እንዳልሆንኩ አስረዳሁ። መርማሪው ጥሩ ሰው ነው። ሁሉንም መዘገበ። ከዚያ ቀና ብሎ "አቤቱታውን ያቀረቡት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን የሚያረጋግጥ መታወቂያ ሁለት ኮፒ ያምጡ፣ ከነጀርባው" አለኝ።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤታችን ሮጥኩ። ኪሴን ብዳብስ መታወቂያዬን ቤት ረስቼዋለሁ። ልጁ ሳቅ አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

"አይጨነቁ ጋሼ" አለኝ፣ "የእርስዎ አለኝ። ስንት ላውጣ?"