ጀማሪውን ደረሰኝ አሸክማችሁ «ጥሎን ሄደ» አትበሉ

ባለፈው ሳምንት ለተመራቂዎች በተዘጋጀ የሥራ ቅጥር መድረክ ላይ ነበርኩ። የአንድ ሒሳብና ታክስ አማካሪ ድርጅት ባለቤት ማይክ ይዘው እንዲህ አሉ፦ «ጀማሪ የታክስ ሠራተኛ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ደረሰኝ ይልቀም። ሕጉን ብናስተምረው በነጋታው ባንክ ይወስድብናል።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እስከ ቤቴ ድረስ እየተናደድኩ ሄድኩ።

«ባንክ ይወስድብናል»? ልጁ ባንክ የሚገባው እናንተ ስላስተማራችሁት አይደለም። ስላላስተማራችሁት ነው። ሁለት ዓመት ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚያወጣውን የዕለት ማጠቃለያ፣ ከደረሰኝ ጋር ሲያመሳክር የከረመ ልጅ ምን አይቶ ይቆይ? በሦስተኛውም ዓመት የሚጠብቀው ሌላ ካርቶን ደረሰኝ ነው። እያደገ ያለ ሰው ሥራውን ጥሎ አይወጣም።

ደረሰኝ ማመሳከር አይጠቅምም አላልኩም። ሦስት ወር ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ርካሽ ጉልበት እንጂ ሥልጠና አይደለም።

ታክስ የሕግ ሥራ ነው። ይህን የተማርኩት በሚያሳፍር መንገድ ነው። የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የወር ቫትና ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) ቅጽ መሙላት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ለአንድ ደንበኛችን ከግብር ባለሥልጣኑ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ መጣ። ተቀበልኩት፣ ማህተም መታሁበት፣ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። በታክስ አስተዳደር አዋጁ በ983/2008 መሠረት ቅሬታ ለማቅረብ ያለን 21 ቀን ብቻ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። አለቃዬ ፋይሉን ሲከፍቱት 26ኛው ቀን ነበር። ውሳኔው ጸና። ደንበኛው ቢሮ መጥቶ ሳይቆጣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ወረቀት ሲያገላብጥ አሁንም ይታየኛል። ተወቃሿ እኔ ሆንኩ። ግን 21 ቀን የምትለዋን አንዲት መስመር ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አምስት? ያንን አምስት ደቂቃ የነፈጉኝ እኮ እንዳልሄድባቸው ነው። ሄድኩም።

ቀጥሎ የገባሁበት ቢሮ ያለች ኃላፊዬ በመጀመሪያው ሳምንት የገቢ ግብር አዋጁን 979/2008ን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «አንቀጽ 27ን አንብቢና ነገ ንገሪኝ» አለችኝ። ግብር ሲሰላ ከገቢ ላይ ተቀናሽ የማይደረጉ ወጪዎች ናቸው። ሕግ ወይም ውል በመጣስ የተከፈለ ቅጣት እዚያ ውስጥ አለ። በማግስቱ የአንድ ኮንትራክተር መዝገብ ሳይ፣ ሥራ በማዘግየቱ የተቀጣው ገንዘብ «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ ተቀንሷል። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ደረሰኙም አለ። ስህተቱ የታየኝ ማታ አንብቤ ስለመጣሁ ብቻ ነው። ለዚህ ሁለት ዓመት አላስፈለገኝም፤ አንድ ማታ በቃኝ።

ደግሞ «ይቆይ፣ ይብሰል» የሚባልበት ጊዜ ነው እንዴ አሁን? የቫት ሕጉ በ1341/2016 ተተክቷል። የገቢ ግብሩ በ1395/2017 ተሻሽሏል። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ወጥቷል፤ ከፍተኛው የደመወዝ ግብር፣ 35 በመቶው፣ የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ሆኗል። ሃያ ዓመት የሠራው ሲኒየርም ትናንት የተመረቀውም እነዚህን አዋጆች እንደ አዲስ እያነበቡ ነው። ጀማሪው ከአለቃው እኩል የሚጀምርበት ዕድል ስንት ጊዜ ይመጣል? እናንተ ደግሞ ካርቶን ታሸክሙታላችሁ!

ተመራቂዎች፣ ለቃለ መጠይቅ ስትገቡ ስለ ደመወዝ ብቻ አትጠይቁ። «የቅሬታ ደብዳቤ መጻፍ የምጀምረው መቼ ነው?» በሉ። የሚቆጣ ካለ ውጡ።

ባለቤቶችም፣ የዓመታዊ ግብር ማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 አልፎ ቢሮው ሲተነፍስ፣ የተሸነፋችሁበትን አንድ የድሮ ፋይል አውጡ። ማስታወቂያውንና ቅሬታውን ለጀማሪው ስጡት። መልሱን ደብቃችሁ «አንተ ብትሆን ምን ትጽፍ ነበር?» በሉት። የጻፈውን ቁጭ ብላችሁ አርሙለት። ይህን ዓመት ሙሉ አድርጋችሁለት ባንክ ከሄደ፣ ያኔ እኔም አብሬያችሁ «ጥሎን ሄደ» እላለሁ።