ኧረ ውሻዬን ከፀሐይ አውጡልኝ!

ኧረ በአላህ! ዛሬስ በቃኝ። ከሥራ ስመለስ ውሻዬን ቆርቆሮ አጥሩ ሥር ታስሮ አገኘሁት። በቀትር! በኮምቦልቻ ፀሐይ! ምላሱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አከራዬ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አብሽር፣ ውሻ ደግሞ ምን ይሆናል?»

ምን ይሆናል? ይሞታላ!

የቡልዶግ ድቅል ነው እኮ። አፍንጫው ደፍጣጣ ነው። ውሻ እንደኛ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ይሄ ደግሞ ተኝቶ እንኳ ለመተንፈስ ይታገላል፤ ማንኮራፋቱ ግቢውን ይነቀንቀዋል። ስንቴ ልናገር? በማለዳ ወይም ማታ ነው የሚወጣው ስል «አሰነፍከው» እባላለሁ። ዳስ ብሠራለት «ቪላ ገነባለት» ተባለ። የፊቱን እጥፋት ስጠርግለት ሰፈሩ ቆሞ ሳቀ። እሺ፣ ሳቁ። ግን «ሩጫ አስለምደው» የሚለኝ ማነው? በዚህ ሰውነቱ? ለኦሊምፒክ ነው?

አንዱማ ደሴ ውሰደው አለኝ፣ እዚያ ብርድ ነው ብሎ። እኔንስ ደሴ ማን ይቀጥረኛል?

ማታ ሌባ እንዲጠብቅላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ቀን ትጠብሱታላችሁ። የባቲ ግመል መሰላችሁ እንዴ? ደግሞ የውሃ ጣሳውን ማን ወሰደው?