ባቡሩ ሳይመጣ ያረጀ ተፈታኝ

የሕንድ ምድር ባቡር ሠራተኛ ሲፈልግ አገር ይናወጣል። አላጋነንኩም። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 90 ሺህ ለሚጠጉ ክፍት ቦታዎች ማስታወቂያ አወጣ፤ ያመለከተው ሰው ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይሄ እኮ የአንዳንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ነው፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን ሳይቀር ተቆጥሮ!

ሁሉም አለቃ ልሁን ብሎ መስሏችሁ እንዳይሆን። ከቦታዎቹ አብዛኞቹ ሐዲድ ለሐዲድ እየሄዱ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ጠጠር ማስተካከል፣ ዕቃ ማቀበል ዓይነት ናቸው። የሚጠየቀው አሥረኛ ክፍል መጨረስ ነው። ሰልፉ ውስጥ ግን ኢንጂነሩም አለ፣ ማስተርስ የያዘውም አለ።

ለምን ቢሉ፣ የመንግሥት ሥራ ነዋ! ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ይገባል። አለቃ ጠዋት በግራ ጎኑ ተነስቶ ውጣልኝ አይልህም። ደግሞ ሚስት በማግኘት በኩል ያለው ጥቅም ቀላል አይደለም። ሴት ልጁን የሚድር አባት፣ ሙሽራው የግል ድርጅት ውስጥ ነው ሲሉት ፊቱን ያጨማድዳል፤ ባቡር ገብቷል ሲሉት ግን ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። ብሎን ይሁን መሪ የሚያዞረው፣ ያ በኋላ የሚጣራ ነገር ነው።

ለማመልከት በዚያ ዙር 500 ሩፒ ይከፈል ነበር። ፈተናው ላይ ከተገኘህ 400ው ይመለስልሃል። ሥራ ፈላጊ ለመቅረቱ መያዣ ሲያስይዝ እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ፈተናው ራሱ 100 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ሒሳብ አለ፣ ሳይንስ አለ፣ ወቅታዊ ጉዳይ አለ። የተሳሳተ መልስ ካገኘኸው ላይ የነጥብ ሲሶ ይቀንስብሃል፤ ስለዚህ የማታውቀውን አለመመለስ ያዋጣል፣ ይህም ለመንግሥት ሥራ ጥሩ ልምምድ ይመስለኛል። ቢሃር በሚባለው የሕንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሳሳራም የሚባል ጣቢያ አለ፤ ወጣቶች መብራቱ አይጠፋም ብለው ፕላትፎርሙ ላይ በቡድን ተቀምጠው ሲያጠኑ ስሙ ገንኗል። ተቀጥረው የሚገቡበትን ቤት ቀድመው ለመዱት ማለት ነው። ተፈታኙ ሲበዛ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ልዩ ባቡር ይመድብላቸዋል፤ ቀጣሪው ራሱ አሳፍሮ ወስዶ፣ ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ ይጥላቸዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጆንያው ነው። የሐዲድ ሥራ ፈላጊ የጽሑፉን ካለፈ ወንዱ 35 ኪሎ፣ ሴቷ 20 ኪሎ ተሸክመው 100 ሜትር በ2 ደቂቃ መጨረስ አለባቸው። መሐል ላይ ማውረድ የለም፣ ልድገም ማለትም የለም። እስቲ ያን ማስተርስ ያለውን ልጅ አስቡት። ለዓመታት ጎብጦ ያጠና ወገብ ነው። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርጉለት መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይንሸራተታል፤ እጁ ተይዟል፣ ማን ይግፋለት? በአንድ ዓይን መስመሩን፣ በሌላው ሰዓት የያዘውን ሰውዬ እያየ እግሩን ይጎትታል። ይሄ አልበቃ ብሎ 1,000 ሜትር ሩጫም አለ፣ ለወንድ በ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ።

ይሄ ሁሉ ግን ከመጠበቁ አይብስም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ከ35 ሺህ በላይ የጣቢያና የቢሮ ቦታዎች ወጡ፤ የመጀመሪያው ፈተና የተጀመረው በ2020 ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ውጤቱ በ2022 ጥር መጣ። አመልካቹ ግን ማስታወቂያው ላይ የሌለ ሕግ ተጨመረብን ብሎ አደባባይ ወጣ። በቢሃር ተቃውሞው በረታ፣ ጋያ ላይ የባቡር ፉርጎ ተቃጠለ። ሊቀጠሩበት የጓጉለትን ባቡር! እሳቱን አልደግፍም፤ ግን ሦስት ዓመት ጠብቆ የማይናደድ ሰው ካለ እሱን ያለ ፈተና ይቅጠሩት።

በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ለረዳት ባቡር ነጂነት ማስታወቂያ ሲወጣ፣ በኮቪድ ምክንያት ዕድል ያመለጣቸው አሉ ተብሎ የዕድሜው ጣሪያ ከ30 ወደ 33 ከፍ አለ። እናቶች «ልጄ ገና እያጠና ነው» የሚሉበት ሦስት ዓመት በመመሪያ ተጨመረላቸው።