ወተቱ ላይ የታተመው ቀን መብራት መጥፋቱን አያውቅም

ባለፈው ሳምንት እናቴ ጠዋት የተገዛ የላስቲክ ወተት ጣደች። ላስቲኩ ላይ እንደታተመው ከሆነ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ወተቱ ግን እሳት እንደነካው ውሃው ለብቻ፣ አይቡ ለብቻ ሆነ። እናቴ ድስቱን አወረደች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ማታ መብራት ጠፍቶ አልነበር?» አለችና ድስቱን ወደ ማጠቢያው ይዛ ሄደች።

ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ላስቲኩን ከቆሻሻው አውጥቼ ቀኑን ደጋግሜ አየሁት። ፋብሪካው አልዋሸም። ባለሱቁም ቀን ፍቆ ሌላ አልለጠፈም። ያ ቀን የታተመው፣ ወተቱ ከፋብሪካ እስከ ቤታችን ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ይደርሳል ተብሎ ነው። መንገድ ላይ ፀሐይ ቢመታው፣ የሱቁ ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሠራ ቢያድር፣ የታተመው ቁጥር ምን ያውቃል? መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ከተማ እንዲህ ያለ ቀን ግማሽ መረጃ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚሞላው የእናቴ አፍንጫ ነው።

በየአገሩ ያሉ የፈጠራ ሰዎች «ስማርት ታግ» የሚሉትን፣ ስለ ዕቃው የሚናገር መለያ በቤት ዕቃ ላይ እየለጠፉ ነው። ስለ ስማርት ታግ ሲወራ ሁሉም ወደ ስልክ ይሮጣል። እኔ ግን ለእኛ ኩሽና ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ስልክ የማይፈልገው ዓይነት ነው ባይ ነኝ። ዕቃው ያገኘውን ሙቀት ቆጥሮ በዓይን የሚያሳይ መለያ ማለቴ ነው።

ይህ ደግሞ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ያስከተበ ወላጅ ሁሉ ሳያውቀው አጠገቡ ቆሟል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የክትባቱን ጠርሙስ ልብ ብላችሁ እዩት። አንዲት ትንሽ ክብ አለች። ክቧ ውስጥ አራት ማዕዘን አለች። ክትባቱ ከፋብሪካ ሲወጣ አራት ማዕዘኗ ነጣ ያለች ናት። ሙቀት ባገኛት መጠን እየጠቆረች ትሄዳለች። ከዙሪያዋ ካለው ክብ ጋር ቀለሟ እኩል ከሆነ ወይም ከዚያ ከጠቆረች ክትባቱ አይሰጥም። የጤና ባለሙያዎቹ «ቪቪኤም» ይሏታል።

እኔን የሚያስደንቀኝ የማትታለል መሆኗ ነው። ጠርሙሱ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ፍሪጅ ቢገባ እንኳ፣ የጠቆረችው አራት ማዕዘን ተመልሳ አትነጣም። የደረሰባትን ሁሉ ይዛ ትቆያለች። ዓይነቷም እንደ ክትባቱ አቅም ይለያያል። በ37 ዲግሪ ሙቀት ላይ በ2 ቀን የምትጠቁር አለች፤ በ7፣ በ14 እና በ30 ቀን የምትጠቁርም አለች። ቶሎ የሚበላሸው ክትባት ቶሎ የምትጠቁረው ትለጠፍበታለች። ባትሪ የላትም። ኔትወርክ አትፈልግም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁለት ቀለም ማወዳደር ከቻለ ያነባታል።

መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1996 በአፍ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ጠርሙሶች ላይ ተለጥፋለች። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የክትባት ሳጥን አንግተው ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ፣ ጠርሙሱን ከመክፈታቸው በፊት የሚያዩት እሷኑ ነው። ዋጋዋ ደግሞ ለአንድ ጠርሙስ ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው።

ታዲያ ለክትባቱ ከሆነ፣ ለወተቱስ?

እዚህ ላይ አንዲት ወጣት ላንሳ። ሶልቬጋ ፓክሽታይቴ ትባላለች። ለንደን በሚገኘው ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ተማሪ ሳለች አንድ ጥያቄ ያዛት፤ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ወተቱ መበላሸቱን በምን ያውቃል? መልሷ ጄላቲን ሆነ። ጄሊ የሚሠራበት ያው ጄላቲን ማለት ነው። ከሥሩ ጎርበጥባጣ ፕላስቲክ አለ። ጄላቲኑ ጠጣር እያለ በጣት ሲዳሰስ ልስልስ ነው። ጊዜውና ሙቀቱ ሲያሟሟው ከሥር ያለው ጉርብጥብጥ ጣት ላይ ይመጣል። ያኔ «አትጠጣው» ማለት ነው። ጄላቲን ፕሮቲን ነው፤ እንደ ምግቡ ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ብርድ ሲያገኝ ይዘገያል። ይህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2014 የጄምስ ዳይሰን ሽልማትን በብሪታንያ ደረጃ አሸንፏል። ለዓይነ ስውር ታስቦ የተሠራው ነገር ለሚያየውም መጥቀሙን አስተውሉ። እናቴም ብትሆን ሱቁ በር ላይ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ ታልፍ ነበር።

ቀለም የሚቀይር መለያ ምግብ ላይ ተሞክሮ አያውቅም ማለት አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ሞኖፕሪ የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ገና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንዳንድ ምግቦች ላይ ይለጥፉ ነበር። ግን እንደ ባርኮድ አልተስፋፋም። ዋጋው አንዱ ምክንያት ነው። ለእኔ ዋናው ግን ሌላ ነው። መለያው የሚያጋልጠው አምራቹን፣ አጓጓዡንና ባለሱቁን ነው። ደንበኛው መደርደሪያውን እያገላበጠ ነጭ ነጩን ከመረጠ የጠቆረው ማን ላይ ይቀራል? ሻጭ በገዛ እጁ በራሱ ላይ ምስክር አያቆምም። ስለዚህ ይህ ነገር በበጎ ፈቃድ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም። ትእዛዝ ይፈልጋል።

የዛሬ 50 ዓመት ገደማ የተጀመረውን ባርኮድ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 ኦሃዮ፣ ትሮይ ከተማ ውስጥ መጀመሪያ የተነበበው የሪግሊ ማስቲካ ነው። ያ ሁሉ መስመር የተሠራው ለገንዘብ ተቀባይዋና ለመጋዘኑ ነው። ኪውአር ኮድም እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ ኩባንያ ሲፈጥረው፣ ማሳሂሮ ሃራና ባልደረቦቹ ያሰቡት የመኪና መለዋወጫ መቁጠርን ነው። ማስቲካ የገዛው ሰው ከመስመሮቹ አንዳች ነገር ማንበብ አይችልም ነበር። አሁን ግን ስልክ በየኪሱ ገባ። ኮዱን የሚያስተዳድረው ጂኤስ ዋን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትም እስከ እ.ኤ.አ. 2027 መጨረሻ ሱቆች እንደ ኪውአር ያለውን ኮድ በካሸር ላይ ማንበብ እንዲችሉ እየገፋ ነው። የገዢው ተራ ደርሷል።

እኛስ ዝግጁ ነን? በጣም! ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኪውአር ኮድ ከትልልቅ ሱቆች አልፎ ጉልት ድረስ ወርዷል። ቲማቲም የምትሸጥ እናት ካርቶን ላይ ለጥፋው ታያላችሁ። ለመክፈል ስካን የሚያደርግ ሕዝብ፣ ስለሚበላውና ስለሚውጠው ለማወቅ ስካን ማድረግ አይከብደውም። የሚከብደው ስካን ካደረገ በኋላ የሚመጣለት ጽሑፍ በቱርክኛ ወይም በቻይንኛ ከሆነ ነው።

ከሁሉ ቀን ይብሳል። የውጭ ዕቃ ላይ 04/05 ተብሎ ሲጻፍ ሚያዝያ ነው ግንቦት? እሱ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው ዓመቱ ነው። 2017 ዓ.ም. ላይ ናችሁ እንበል። የልጅ ሽሮፕ ጠርሙስ ላይ 08/2024 የሚል ታትሟል። በፈረንጆቹ ጊዜው ያለፈበት ነው። ዘመን በእኛ አቆጣጠር ብቻ የሚቆጥሩ አያት ግን ያችን 2024 ሲያዩ ገና 7 ዓመት ይቀራል ብለው ያስቀምጡታል። ሞኝነት አይደለም፤ በትክክል ነው ያነበቡት። ቁጥሩን የጻፈው ሰው ነው እሳቸውን ያላሰባቸው።

አንድ ኮድ ይህን ሁሉ ሊፈታ ይችላል። ስልኩ ሲነካው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይንገር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ይናገር። በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድምፅ። «5 ሚሊ ሊትር ማለት ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው መለኪያ እስከዚህ መስመር ድረስ ነው፤ የቤት ማንኪያ አትጠቀሙ» ይበል። በየቤቱ ያለው የሻይ ማንኪያ መጠኑ እኩል አይደለም። ልጁ ትኩሳት ይዞት እኩለ ሌሊት ላይ የቆመች እናት የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ስለ ማጭበርበር ግን እውነቱን እንነጋገር። ኪውአር ኮድ በራሱ ዕቃው እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። አንዱን ፎቶ አንስቶ ሺህ ጊዜ ማተም ይቻላል። ዋስትና የሚሆነው እያንዳንዱ እሽግ የየራሱ ቁጥር ሲኖረው ነው። ጋና ውስጥ ብራይት ሲመንስ የጀመረው ኤምፔዲግሪ የሚሠራው እንደዚህ ነው። የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ የሚፋቅ ቦታ አለ። ገዢው ፍቆ ቁጥሩን በነፃ በአጭር መልእክት ይልካል። እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚል መልስ ይመጣለታል። ተራ ስልክ ይበቃዋል። እኛ ደግሞ ካርድ እየፋቅን ያደግን ሰዎች ነን! በሳንቲም ፍቆ ቁጥር መላክ በዚህ አገር ሥልጠና አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቶች በኮድ እንዲለዩና ከፋብሪካ ጀምሮ ክትትል እንዲደረግባቸው የሚያዝ መመሪያ አለው። ጥሩ ጅምር ነው። የምጠይቀው ያ ኮድ መጋዘን ላይ እንዳይቆም ነው። የመጨረሻዋ ገዢ እጅ ላይም ይሥራ።

በልቅ ለሚሸጠው መለያው መድኃኒት አይሆንም፤ ይህን አልክድም። ጡብ ተፈጭቶ ለሚገባበት በርበሬና ሙዝ ለሚቀላቀልበት ቅቤ ቁጥጥር እንጂ ታግ አይደርስለትም።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ ከኢንሱሊን ልጀምር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ስንት የስኳር ሕመምተኛ ነው መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁን ከፍቶ የሚጨነቀው? እንደ ክትባቱ ያለች አንዲት አራት ማዕዘን ጭንቀቱን ትቀንስለታለች። ቀጥሎ ወተት። በእያንዳንዱ ላስቲክ ላይ ይለጠፍ ብል ዋጋው ገዢው ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ላስቲኮቹ የሚመጡበት ሳጥን ላይ ይለጠፍ። ባለሱቁ ሲረከብ ያየዋል፤ እኛም ስንገዛ «ሳጥኑን አሳየኝ» እንላለን።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ቤታቸውን ብታዩት የስማርት ታግ ኤግዚቢሽን ነው። የጠዋቱ የደም ግፊት መድኃኒት ላይ አንድ ላስቲክ ታስሯል፤ የማታው ላይ ሁለት። የጨው ጣሳ አንገት ላይ ቋጠሮ ያለው ክር አለ። የስኳሩ ጣሳ አንገት ባዶ ነው። ሁሉንም በገዛ ጣታቸው ነው የሠሩት።

ስፔን ውስጥ ስለተፈጠረው ናቪሌንስ ስለሚባል ባለቀለም ኮድ አወራኋቸው። ስልክ ከ3 ሜትር ያህል ርቀት ያነበዋል፤ የት እንዳለ ፈልጎ ማነጣጠር አያስፈልግም፤ ኬሎግስ በአውሮፓ የቁርስ እህል ካርቶኖቹ ላይ አትሞታል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የመድኃኒት ስም ካርቶኑ ላይ በብሬል እንደሚጻፍም ነገርኳቸው። አደገኛ የጽዳት ኬሚካሎች ላይ ደግሞ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ሦስት ማዕዘን መኖር እንዳለበት ስነግራቸው ቀና አሉ።

«ሦስት ማዕዘን? በጣት?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

አንድ ጊዜ የደረሰባቸውን አጫወቱኝ። በረኪና ከሱቅ በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ መጣላቸው። ያመጣው ልጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመጠጥ ውሃቸው አጠገብ አስቀምጦላቸው ሄደ። ሌሊት ውሃ ጠማቸው። ፕላስቲኩን አንስተው ክዳኑን ከፈቱ፤ ከንፈራቸው ጋ ሲደርስ ነው ሽታው ያተረፋቸው።

ከዚህ ሁሉ አንዱ ነገ ይምጣልዎት ቢባል የትኛውን ይመርጣሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ብዙም አላሰቡበት።

«በረኪናው ላይ ይሁንልኝ ልጄ» አሉ። «መድኃኒቱንስ እኔው አስሬዋለሁ።»