«ይገባል» ያለኝ ሰው የት አለ?

«ስታንዳርድ ነው፣ ዝም ብሎ ይገባል» ያለኝን ሰውዬ ባገኘው!

የጊታሬ ብሪጅ (ክሮቹን በጊታሩ አካል ላይ የሚይዘው ብረት) ዝጎ ክር በክር ላይ ሲበጥስብኝ ልቀይረው አልኩ። ጊታሩ የስትራቶካስተር፣ የታወቀው የኤሌክትሪክ ጊታር ሞዴል፣ ርካሽ ቅጂ ነው። የአክስቴ ልጅ አዲሱን ብሪጅ ከአሜሪካ በሻንጣዋ እስክታመጣልኝ ሁለት ወር ጠበቅኩ። አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ሳስቀምጠው፣ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም! ለካ አዲሱ በድሮው የአሜሪካ ልክ የተሠራ ነው፣ ከመጀመሪያው ብሎን እስከ ስድስተኛው 56 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ የኔው ጊታር ደግሞ 52.5። የ3.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት! ለሁለት ጎን ስታካፍለው የሩዝ ፍሬ አያክልም። ችግሩም እሱ ነው፤ ራቅ ቢል ኖሮ አዲስ ቀዳዳ በስቼ እገላገል ነበር፣ አሁን ግን ድሪሉ እየተንሸራተተ አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በስቴኪኒና በኮላ ደፈንኩት። አልጠነከረም። ጠንካራ እንጨት ቀርጾ፣ አጣብቆ፣ አሳድሮ ነው መብሳት፤ ይሄን ያወቅኩት ካበላሸሁት በኋላ ነው።

በዚያ ላይ የብሪጁ ብረት ከጀርባ በኩል ወፍራም ስለሆነ እሱ የሚገባበትን የጊታሩን ጉድጓድ በመሮ ላሰፋ ብዬ ቀለሙን ላጥኩት። ቤቱ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆነ፣ እናቴ «በር ልታስገጥም ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ይኸው በመከራ ገጠመ። ግን የክሮቹም ርቀት ሰፍቷል፣ ቀጭኗ ክር ስጫወት ከአንገቱ ጠርዝ እየተንሸራተተች ትወድቃለች። አሮጌውን ልመልስ እንዳልል ቀዳዳውን ደፍኜዋለሁ!